የዘማች ወታደር ኑሮና ጤና በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት

መግቢያ

«ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል» ይላሉ አበው። ከ1861 እስከ 1865 አሜሪካን ለሁለት ከፍሎ ባፋጀው የእርስ በርስ ጦርነት ግን ጦር ከፈታው ይልቅ በሽታ የፈታው ይበልጥ ነበር። ባርነትን ጠብቀው ለማቆየት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ያቋቋሙት የኮንፌዴሬሽን ሠራዊትና የሰሜኑ የኅብረት ሠራዊት ለአራት ዓመታት ሲዋጉ፣ ለረጅም ዘመን ተቀባይነት አግኝቶ በቆየው ግምት መሠረት ወደ 620,000 የሚጠጋ ወታደር ሞቷል። ከ2011 ወዲህ የሕዝብ ቆጠራ መዛግብትን የመረመሩ ጥናቶች ደግሞ ቁጥሩን ወደ 700,000 እና ከዚያም በላይ ያደርሱታል። ከሰሜኑ ሠራዊት ብቻ ከሞቱት 360,000 ያህል ወታደሮች መካከል በውጊያና በቁስል ምክንያት የሞቱት 110,000 ገደማ ሲሆኑ፣ በበሽታ የሞቱት ከ220,000 በላይ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የጦር ታሪክ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚተርኩት ስለ ታላላቅ ውጊያዎች ነው። ይሁን እንጂ ወታደሩ በዓመት ውስጥ ከጠላቱ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጠምባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ። የቀሩትን ቀናት የሚያሳልፈው በመጓዝ፣ ስንቁን በማብሰል፣ ውኃ በመፈለግ፣ በመተኛትና በሰፈር ተቀምጦ ትእዛዝ በመጠበቅ ነበር። ከላይ የተጠቀሰው የበሽታ ሞት የተፈለፈለው በእነዚህ ተራ ቀናት ውስጥ በመሆኑ፣ የዘማቹን የዕለት ኑሮ መመርመር ለጤና ባለሙያ ከውጊያዎቹ ትረካ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ ወታደሩ ምን ይሸከም፣ ምን ይበላና ይጠጣ፣ የት ይተኛና የት ይጸዳዳ እንደነበር ለመዳሰስ፣ ከዚያም ይህን ኑሮ በማስተካከል ብቻ ምን ያህል ሕይወት ማዳን እንደተቻለ ለማሳየት ይሞክራል።

ሸክምና መንገድ

የሰሜኑ እግረኛ ወታደር ለጉዞ ሲነሣ አራት ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ጠመንጃ፣ ሳንጃ፣ ከ40 እስከ 60 የሚደርስ ጥይት፣ የሦስት ቀን ስንቅ የያዘ ኮሮጆ፣ ውኃ የተሞላ ኮዳ፣ ብርድ ልብስ፣ ከላስቲክ የተሠራ ምንጣፍና ግማሽ ድንኳን ይይዛል። ሁለት ጓደኛሞች ማታ የየድርሻቸውን ሸራ በቁልፍ አያይዘው አንድ ድንኳን ስለሚተክሉ ነው «ግማሽ» የተባለው። ካፖርትና ቅያሪ ልብስ ሲጨመርበት ሸክሙ ከ18 እስከ 23 ኪሎ ግራም ይደርሳል። አዲስ ምልምል ደግሞ ከቤተ ሰቡ የተሰጠውን ሁሉ ደርቦ ስለሚነሣ፣ በመጀመሪያው ሞቃት ቀን ካፖርቱንና ብርድ ልብሱን ከመንገድ ዳር እየጣለ ይሄዳል፤ ማታ ውርጭ ሲወርድ ግን በቀን ጠላት የመሰለው ጨርቅ ይናፍቀዋል። ነባሩ ወታደር የሚያስፈልገውን ለይቶ፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በትከሻው አገድሞ መጓዝን ከልምድ ተምሯል።

የተለመደው የቀን ጉዞ ከ24 እስከ 32 ኪሎ ሜትር ነበር። አስፈላጊ ሲሆን ግን ከዚህ እጅግ ያልፋል። በጁላይ 1863 የጌቲስበርግ ውጊያ ሲጀመር፣ ስድስተኛው ኮር በሌሊት ተነሥቶ ወደ 55 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ከጨረሰ በኋላ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጦር ሜዳው ላይ ደርሷል። ከደቡቡ ወገን ደግሞ በ1862 ጸደይ በሸናንዶዋ ሸለቆ የዘመተው የጄኔራል ጃክሰን ጦር በ48 ቀናት ውስጥ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በመጓዙ «እግረኛው ፈረሰኛ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር።

በረጅም ሰልፍ ውስጥ የወታደሩ ቦታ ለጤናው ወሳኝ ነበር። ከፊት ያለው ንጹሕ አየር እየተነፈሰ፣ ያልደፈረሰ ምንጭ እየጠጣ ይሄዳል። ከኋላ ያለው የሺዎችን አቧራ ይውጣል፤ ሰውና በቅሎ የተራመደበትን ወንዝ ይቀዳል። ስለዚህ አዛዦች ከፊት የሚሄደውን ክፍል በየዕለቱ ያፈራርቁ ነበር። በተለምዶም በየሰዓቱ የአሥር ደቂቃ ያህል ዕረፍት ይሰጥ ነበር፤ ይህ ዕረፍት በተዘለለባቸው ቀናት በፀሐይ ተመትቶና በድካም ዝሎ ከኋላ የሚንጠባጠበው ሰው ይበዛል።

ከሁሉ በላይ ግን የዘማቹ ሀብት እግሩ ነው። ያልተገራ ጫማ፣ የእግር ሹራብ እጦትና እርጥብ መንገድ ሲገናኙ እግር ውኃ ይቋጥራል፤ የቋጠረው ይፈነዳል፤ የፈነዳው ይመረቅዛል። ወታደሮቹ የእግር ሹራባቸውን ውስጡን በሳሙና በማሸት ሰበቃውን ለመቀነስ ይሞክሩ ነበር። በደቡቡ ሠራዊት ችግሩ እጅግ የከፋ ነበር። በሴፕቴምበር 1862 ጄኔራል ሊ ወደ ሜሪላንድ ሲዘምት ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ስንቅ ስላልደረሳቸውም ያልበሰለ ፖምና የበቆሎ እሸት ከየማሳው እየቀጠፉ በመብላታቸው ተቅማጥ ያዛቸው። በሺዎች የሚቆጠሩት በየመንገዱ ቀሩ። ሊ በአንቲታም ውጊያ ዕለት ሊያሰልፍ የቻለው ከ40,000 የማይበልጥ ሰው ነበር። የጠላት ጥይት ሳይነካው በፊት ሠራዊቱ በእግርና በሆድ ሕመም ሳስቶ ነበር ማለት ነው።

ስንቅና ውኃ

የሰሜኑ ወታደር የጉዞ ቀለብ በቀን 450 ግራም ያህል ደረቅ ብስኩት፣ 340 ግራም ያህል በጨው የተጠበቀ የአሳማ ሥጋ፣ እንዲሁም ቡና፣ ስኳርና ጨው ነበር። ብስኩቱ በሀገራችን ወታደር ዘንድ ኮቾሮ ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል፣ ከዱቄትና ከውኃ ብቻ ተጋግሮ እንደ ሸክላ የደረቀ ነገር ነው። በመጋዘን ብዙ ወራት ስለሚቆይ ነቀዝ ይወረዋል። ወታደሩ በፈላ ቡና ውስጥ ሲነክረው ነቀዙ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ እርሱንም በማንኪያ ገፍፎ ይጥልና የቀረውን ይበላል። አንዳንዱም ብስኩቱን አድቅቆ በአሳማ ስብ ይጠብሰዋል። ይህ ምግብ ኃይል ሰጪ ነው፤ ነገር ግን አትክልትና ፍራፍሬ የለበትም። በመሆኑም በሰሜኑ ሠራዊት ከ30,000 በላይ የስከርቪ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ድድ የሚያደማው ይህ የቫይታሚን ሲ እጥረት በግልጽ ከመታየቱ በፊትም ወታደሩን ያደክመዋል፤ ቁስሉም ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል።

የደቡቡ ወታደር በአመዛኙ በበቆሎ ዱቄትና በጥቂት ሥጋ ይኖር ነበር። የሰሜኑ ባሕር ኃይል ወደቦችን በመዝጋቱ ቡና አጥቶ፣ የተቆላ አጃና ስኳር ድንች እያፈላ ይጠጣ ነበር።

ስለ ቡና ሲነሣ አንድ አስተዋይ ሰው ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። የሰሜኑ ወታደር በቀን 45 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ይታደለው ነበር። ለእኛ አንባቢ እንግዳ ባልሆነ አኳኋን ቆልቶ፣ በጠመንጃ ሰደፍ ወቅጦ በቆርቆሮ ኩባያው ያፈላዋል። ሰልፉ ለአፍታ በቆመ ቁጥር ከመቶ የሚበልጡ ትናንሽ እሳቶች ይቀጣጠላሉ። ወታደሩ ይህን የሚያደርገው ለመነቃቃትና ለመጽናናት ነበር። ይሁን እንጂ ሳያውቀው ከረግረግና ከደፈረሰ ወንዝ የቀዳውን ውኃ እያፈላ መጠጣቱ ነው። ቡናውን ሳያፈላ ከኮዳው በቀጥታ ሲጠጣ ግን የሰልፉ ሁሉ እዳሪ የታጠበበትን ውኃ ወደ ሆዱ ያስገባል።

በዚያ ዘመን ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን በቂ ዕውቀት አልነበረም። የታይፎይድ ባክቴሪያ የታየው በ1880፣ የደም ተቅማጥን የሚያመጣው ሺጌላ የተለየው በ1897 ነው። ሐኪሞች በሽታ የሚመጣው ከብስባሽ በሚነሣ መጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። እምነታቸው የተሳሳተ ቢሆንም ቆሻሻን ከሰው ማራቅ ይገባል ወደሚል ትክክለኛ ተግባር ሊመራቸው ይችል ነበር። ችግሩ ተግባሩን የሚያስፈጽም አለመኖሩ ነው።

ሰፈሩ ከጉዞው ይልቅ ሲገድል

ከሁሉ የሚበዛው ምልምል ገበሬ ነበር። በየተበታተነው የእርሻ መንደር ያደገ በመሆኑ በልጅነቱ ኩፍኝን ያልለመደ ብዙ ነበር። አንድ ሺህ ያህል ሰው በአንድ ሬጅመንት ተጨናንቆ ሲሰፍር መጀመሪያ የሚነሣበት ወረርሽኝ ኩፍኝ ነው፤ ከኩፍኙ ቀጥሎም የሳንባ ምች ይከተላል። በሰሜኑ ነጭ ወታደሮች ዘንድ ከ67,000 በላይ የኩፍኝ ሕሙማንና ከ4,000 በላይ ሞት ተመዝግቧል።

ከዚያ የሆድ በሽታ ይመጣል። የሠራዊቱ ደንብ የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቆፈርና በየቀኑ አፈር እንዲለብስ ያዝ ነበር። በተግባር ግን ጉድጓዱ ወይ አይቆፈርም፣ ወይ ከምንጩ በላይ ይቆፈራል፣ ወይም ወታደሩ በሰው ፊት መጸዳዳት እያሳፈረው በየቁጥቋጦው ሥር ይቀመጣል። የታረደ ከብት አንጀትና የሞተ በቅሎ በሰፈሩ ጥግ ይበሰብሳል፤ ዝንቡም ከዚያ ተነሥቶ ስንቁ ላይ ያርፋል። የዚህ ሁሉ ውጤት በሰሜኑ ሠራዊት ብቻ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጋ የተቅማጥና የደም ተቅማጥ ሕመም፣ ከ44,000 በላይ ሞት ነው። በታይፎይድ ከ27,000 በላይ ሰው ሞቷል። ወባም ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተመዝግቧል። ቅማል ደግሞ ሹመትና ማዕረግ አይለይም ነበር፤ ልብስን በድስት መቀቀል ብቸኛው ማስታገሻ ነው፤ ይህም የሚቻለው ሠራዊቱ ለጥቂት ቀናት ሲያርፍ ነበር።

በሜይ 1862 በኮሪንት ከተማ ተከማችቶ የነበረው የደቡብ ሠራዊት በመጥፎ ውኃ፣ በተቅማጥና በታይፎይድ ብዙ ሺህ ሰው ታሞበት ከተማዋን ለቆ ወጥቷል። በዚያው ወቅት በቨርጂንያ ልሳነ ምድር በቺካሆሚኒ ወንዝ ረግረግ የሰፈረው የሰሜን ሠራዊትም በትኩሳትና በስከርቪ ተመትቷል።

ከዚህ በተቃራኒ የጄኔራል ሸርማን ሠራዊት ከኖቬምበር 15 እስከ ዲሴምበር 21 ቀን 1864 ከአትላንታ እስከ ሳቫና ሲጓዝ፣ ወደ 60,000 ከሚደርሰው ሰው መካከል የታመመው እጅግ ጥቂት ነበር። ምክንያቶቹ ከአንድ በላይ ናቸው። ከመነሣቱ በፊት ሕሙማንና ደካሞች ተለይተው ወደ ኋላ ተልከዋል። ወታደሮቹ በዘመቻ የጠነከሩ፣ ኩፍኙንም ሌላውንም በሽታ ያለፉ ነበሩ። ከየእርሻው ትኩስ ሥጋና ስኳር ድንች ይበሉ ነበር። በየምሽቱ አዲስ ስፍራ ስለሚያድሩም የትናንት እዳሪያቸውን ትተውት ይሄዳሉ። በእርግጥ ይህ ጤና የተገኘው በሌላው ኪሣራ ነው፤ ሠራዊቱ ጎተራውን እያራቆተ ያለፈበት የጆርጅያ ገበሬና ከባርነት ነጻ ወጥቶ ሠራዊቱን የተከተለው ሕዝብ በረሃብና በብርድ ተጎድቷል። ሠራዊት ያለፈበት አገር ምን እንደሚሆን ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ከሁለቱ ሁኔታዎች የምንረዳው እንዲህ ነው። ጉዞ በራሱ ፈውስ አይደለም፤ ሰፈርም በራሱ መርዝ አይደለም። ሰውን የገደለው ከገዛ ቆሻሻው ጋር ተጨናንቆ መቀመጡ ነው። እንግዲያው ሰፈሩን እንደ ጉዞ ንጹሕ ማድረግ ይቻል ይሆን?

የሌተርማን ትእዛዞች

ይህን ጥያቄ በተግባር ከመለሱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ዶክተር ጆናታን ሌተርማን ነው። በጁላይ 1862 የፖቶማክ ሠራዊት ዋና ሐኪም ሆኖ በሃሪሰንስ ላንዲንግ ሲደርስ፣ ከሠራዊቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ታሞ አገኘው። አዲስ መድኃኒት አልነበረውም። የጠየቀው ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲምና ሎሚ ነው። ከዚያም ተከታታይ ምክሮችን ለአዛዦች አቀረበ። ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ይቆፈር፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ በየቀኑ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይልበስ፤ ጥራጊ ይቃጠል ወይም ይቀበር፤ ወታደሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ገላውን ይታጠብ፤ ከመሬት ከፍ ባለ የጥድ ቅጠል ላይ ይተኛ፤ ከጉዞ በፊት ቁርሱንና ቡናውን ያግኝ፤ ምግብም እያንዳንዱ ለራሱ ሳይሆን በሻምበል ደረጃ በቋሚ አብሳዮች ይዘጋጅ የሚሉ ነበሩ። በሳምንታት ውስጥ የሠራዊቱ ጤና ተሻሻለ።

ሌተርማን ሁለተኛውንም ችግር አልዘነጋም። እስከዚያ ድረስ የአምቡላንስ ሠረገሎችን የሚነዱት አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪ ሲቪሎች ሲሆኑ፣ ሠረገሎቹም ለጓዝ ማመላለሻ ይወሰዱ ነበር። በኦገስት 1862 መጨረሻ በተካሄደው ሁለተኛው የቡል ረን ውጊያ ቁስለኞች ለብዙ ቀናት ሜዳ ላይ ተጥለው ቆይተዋል። ሌተርማን በዚያው ወር መጀመሪያ በወጣ ትእዛዝ በሕክምና ክፍሉ ሥር የሚተዳደር የሠለጠነ የአምቡላንስ ጓድ አቋቋመ። ወደ 23,000 የሚጠጋ ሰው በሞተበት፣ በቆሰለበትና በጠፋበት በአንቲታም ውጊያ (ሴፕቴምበር 17 ቀን 1862) የሰሜኑ ቁስለኞች በአንድ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ከሜዳው ተነሥተዋል። አሠራሩ በማርች 1864 በወጣ ሕግ ለሰሜኑ ሠራዊት ሁሉ ጸደቀ።

በተመሳሳይ መንፈስ በጁን 1861 የተቋቋመው የንጽሕና ኮሚሽን ከሕዝብ ባሰባሰበው ገንዘብና ቁሳቁስ፣ በተለይም በሴቶች በጎ ፈቃደኞች ጉልበት፣ ሰፈሮችን ይመረምር፣ አትክልትና ልብስ ያድል ነበር።

መድኃኒትን በተመለከተ ግን ለውጡ አስቸጋሪ ነበር። ለወባ ይሰጥ የነበረው ክዊኒን በእርግጥ ፈዋሽ ነበር። ለተቅማጥ ይሰጥ የነበረው ካሎሜል ግን ሜርኩሪ ያለበት ሲሆን፣ ድድና ጉንጭን እስከማበስበስ ይደርስ ነበር። ዋና የሕክምና ሹሙ ዊልያም ሃሞንድ በሜይ 1863 ካሎሜልን ከሠራዊቱ የመድኃኒት ዝርዝር ሲሰርዝ ብዙ ሐኪሞች በቁጣ ተነሡበት። ከጦር ሚኒስትሩ ጋርም ስለተጣላ በ1864 በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተከሶ ተባረረ፤ ስሙ የታደሰለት በ1879 ነው። ለታማሚ የሚጎዳውን ማቆም የሚጠቅመውን ከመጀመር ያላነሰ ድፍረት ይጠይቃል።

እኩል ያልነበረ ሞት

ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች በሰሜኑ ሠራዊት ተሰልፈው ለነጻነታቸው ተዋግተዋል። ከነጮቹ ወታደሮች መካከል በውጊያ ለሞተ አንድ ሰው በበሽታ የሞቱት ሁለት ያህል ሲሆኑ፣ ከጥቁሮቹ ዘንድ ግን አሥር ያህል ነበሩ። በውጊያ የሞቱት 3,000 ሳይሞሉ በበሽታ የሞቱት ወደ 30,000 ይጠጋሉ። ጥቁር ሰው ወባን ይቋቋማል በሚል አስተሳሰብ ረግረግ ባለበት ምሽግ እንዲሰፍሩ ይደረግ ነበር፤ ከውጊያ ይልቅ ቦይ መቆፈርና ጭነት ማውረድ ይበዛባቸው ነበር። የተመደቡላቸው ሐኪሞች ጥቂት፣ ሆስፒታሎቻቸውም የባሱ ነበሩ። ደመወዛቸው እንኳ ከነጭ ወታደር ጋር እኩል እንዲሆን የታወጀው በጁን 1864 ነው። በአንድ ሠራዊት፣ በአንድ ጦርነት፣ በአንድ ዓይነት ተሕዋስያን መካከል ይህን ያህል ልዩነት የፈጠረው የሰውነታቸው ተፈጥሮ ሳይሆን የተሰጣቸው ቦታ፣ ሥራና ሕክምና ነው።

መደምደሚያ

ጦርነቱ በኤፕሪል 1865 ቢያበቃም የዘማቹ ሕመም አላበቃም። ለብዙ ዓመታት ጡረታ ከጠየቁት የቀድሞ ወታደሮች መካከል ሥር በሰደደ ተቅማጥ የሚሠቃዩት በርካታ ነበሩ። የሰሜኑ ሠራዊት ሐኪሞች መዛግብት ከ1870 እስከ 1888 በስድስት ታላላቅ መጻሕፍት መታተማቸው ዛሬ ይህን ሁሉ በቁጥር እንድናውቀው አስችሎናል። በደቡቡ ወገን ግን አብዛኛው የሕክምና መዝገብ በዋና ከተማው በሪችመንድ ቃጠሎ ጠፍቷል። ታማሚን በአግባቡ መመዝገብ ራሱ የሕክምና ሥራ መሆኑን ይህ ልዩነት ያስረዳል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ከተበተነ በኋላ በተጨናነቀ ሁኔታ ይኖሩ በነበሩ የቀድሞ ወታደሮች መካከል በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከሥራዎቹ መካከል የመጸዳጃ ጉድጓድን፣ የውኃን ንጽሕናና የቆሻሻ አወጋገድን ማስቀደሙም ሌተርማን ካሳሰበው የተለየ አይደለም።

ጦርነት፣ ድርቅ ወይም ሌላ መከራ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሎ በአንድ ስፍራ ባከማቸ ጊዜ ሁሉ የኮሪንትና የቺካሆሚኒ ሁኔታ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ወዳለ መጠለያ የሚላክ የጤና ባለሙያ የመድኃኒት ሣጥኑን ከመክፈቱ አስቀድሞ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ከዚህ ታሪክ ተጠቀመ ማለት ነው፤ ሰዎቹ ውኃ የሚቀዱት ከየት ነው? መጸዳጃቸውስ ከዚያ ምን ያህል ይርቃል? ከሁሉ የከፋው ስፍራ የተሰጠውስ ለማን ነው?